ሰው ሠራሽ የኢሲጂ፣ የፒፒጂና የደም ግፊት ሞገድ፦ ለዓይን ያምራል፣ አላርም የሚለየውን ሞዴል ግን አሳሳተው

ሞገድ125 (ጠያቂ)

ሰላም ለመድረኩ። ዓላማው በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሞኒተር ላይ የሚጮኸውን የቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ (ከልብ የታችኛው ክፍል፣ ከቬንትሪክል፣ የሚነሣ ፈጣን ምት) አላርም እውነተኛና ሐሰተኛ ብሎ የሚለይ ሞዴል ማሠልጠን ነው። እውነተኞቹ ጥቂት ስለሆኑ ዳታውን በሰው ሠራሽ ሞገድ ማብዛት አስፈለገ።

ዳታው ሚሚክ 3 የተባለው የጽኑ ሕሙማን መዝገብ የሞገድ ስብስብ ሲሆን ፍጥነቱ 125 ኸርዝ ነው። መስኮቱ 1280 ናሙና፣ ማለትም 10.24 ሰከንድ። ቻናሎቹ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ሞገድ) ሊድ 2፣ ማለትም ልብን ከአንድ አቅጣጫ የሚያይ መስመር፣ ፒፒጂ (በብርሃን የሚለካ የደም ትርታ) እና በአርተሪያል ላይን (ደም ቅዳ ሥር ውስጥ በገባ ቱቦ) የተለካ የደም ግፊት ናቸው። እያንዳንዱ ቻናል የየራሱ ጋን (አመንጪና ሃያሲ የተባሉ ሁለት መረቦች እየተፎካከሩ የሚማሩበት ሞዴል) አለው፤ ሦስቱን የሚያገናኛቸው ሁሉም የሚቀበሉት አንድ የልብ ምት ቁጥር ብቻ ነው። ሥልጠናው ዋሰርስታይን የሚባለው የጋን ሥልጠና ዓይነት ከግራዲየንት ቅጣት ጋር ነው፦ ቅጣቱ 10፣ ሃያሲው 5 ጊዜ ሲሠለጥን አመንጪው 1 ጊዜ። አመንጪው በትራንስፖዝድ ኮንቮሉሽን (ሲግናሉን እያስረዘመ በሚያሳድግ ንብርብር) ከ5 ወደ 20፣ 80፣ 320፣ 1280 ናሙና ያድጋል፤ ከርነል 25፣ እርምጃ 4። እያንዳንዱ መስኮት በራሱ አማካይና መደበኛ ልይይት ተስተካክሏል። የጥራት መለኪያውን ያላለፈ መስኮት ሁሉ ተጥሏል።

የወጣው ሞገድ ሲታይ ጥሩ ነው። ሲቀርቡት ግን ጥርስ ጥርስ ይላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለይ ሞዴሉ በማረጋገጫው ዳታ ላይ ሲሻሻል አዲስ ሕሙማን ላይ ሰው ሠራሽ ሞገድ ካልተጨመረበት ሞዴል ያንሳል። ስህተቱ የት ነው?

ስፔክትረም

ከቀላሉ ልነሣ። ጥርስ ጥርስ የሚለው ከትራንስፖዝድ ኮንቮሉሽኑ የመጣ ነው። 25 ለ4 እኩል ስለማይካፈል ከአራት ናሙና አንዱ ላይ 7 የከርነል ዋጋ፣ በሦስቱ ላይ 6 ይደመራል። ይህ በየ4 ናሙናው ይደጋገማል፤ በ125 ኸርዝ ሲሰላ 31.25 ኸርዝ ነው። ዓይንህ ያየው ይህን ነው።

የሚያሳስበው ግን ዓይን የማያየው ነው። ከመጨረሻው በፊት ያለው ንብርብር በየ16 ናሙናው፣ ማለትም 7.8 ኸርዝ ላይ አሻራ ይተዋል። ከዚያ በፊት ያለው በየ64 ናሙናው 1.95 ኸርዝ ላይ ይተዋል። 1.95 ኸርዝ በደቂቃ 117 ነው። ከ100 በላይ የሆነ የቬንትሪክል ምት የሚፈልግ ሞዴል እያሠለጠንክ በእያንዳንዱ ሰው ሠራሽ መስኮት ላይ በደቂቃ 117 የሚመታ ደካማ አሻራ እያስገባህለት ነው። 7.8ቱም ቢሆን ከፊብሪሌሽን (ልብ ሥርዓት አጥቶ ሲንቀጠቀጥ) ድግግሞሽ ጋር ይቀራረባል።

ለማረጋገጥ 2000 ያህል መስኮት አመንጭ፤ የእያንዳንዱን ስፔክትረም በዌልች ዘዴ አስልተህ አማካዩን ከእውነተኛው አማካይ ጎን በሎጋሪዝም ልኬት ሣለው። በነዚያ ድግግሞሾች ላይ መርፌ የመሰለ ነገር ከቆመ ተረጋግጧል። አንድን መስኮት ብቻ ብታይ የልብ ምቱ ራሱ ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ አማካዩን ተመልከት።

መፍትሔው በማጣሪያ መቁረጥ አይደለም። 31.25ን ብትቆርጥም 1.95 እና 7.8 በሲግናሉ መሃል ስለተቀመጡ እነሱን ስትቆርጥ ቲ ሞገዱንም (ከምቱ ሹል በኋላ የሚመጣውን ጉብታ) ትወስዳለህ። ትራንስፖዝድ ኮንቮሉሽኑን አውጣና በሊኒየር ኢንተርፖሌሽን 2 እጥፍ አሳድገህ ተራ ኮንቮሉሽን አስከትልበት። 1280 ማለት 5 ስምንት ጊዜ በ2 ሲባዛ ስለሆነ ስምንት እርከን ይበቃል።

አላርም_መርማሪ

ስፔክትረም ያለው ትክክል ነው፤ ያንን ማስተካከል ግን ብቻውን አዲስ ሕሙማን ላይ ያለውን ውድቀት አያድነውም። ትልቁ ስህተት ጋኖቹ ሦስት መሆናቸው ነው።

ሐሰተኛ የቬንትሪኩላር ታኪካርዲያ አላርም በምን ይታወቃል? ኢሲጂው ሰፋፊና ፈጣን ሆኖ ሲታይ የደም ግፊቱና የፒፒጂው ትርታ በነበረበት ቁመትና ፍጥነት ከቀጠለ ኢሲጂውን ያበላሸው እንቅስቃሴ ነው። እውነተኛው ሲሆን ትርታው አብሮ ይፈጥናል፤ ቁመቱ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ማስረጃው ያለው በቻናሎቹ መካከል ነው። ሦስት ጋን አንድ የልብ ምት ቁጥር ተቀብለው ለየብቻ ሲያመነጩ አማካይ ፍጥነታቸው ቢገጥምም ምት ለምት አይገጥሙም። ስለዚህ "እውነተኛ" ብለህ በሰጠኸው መስኮት ውስጥ ኢሲጂው ታኪካርዲያ ነው፤ ግፊቱ ግን ስለዚያ ምንም አያውቅም። ለይ ሞዴሉ ከዚህ የሚማረው ግፊቱን መመልከት እንደማይጠቅም ነው። በጣም አስፈላጊውን ማስረጃ እንዲተው እያስተማርከው ነው ማለት ነው።

አንድ አመንጪ ሦስት ቻናል ያውጣ፤ ሃያሲውም ሦስቱን አንድ ላይ ይመልከት። ከዚያ ምት ለምት ፈትን። የአር ጫፎችን (በኢሲጂው ላይ የእያንዳንዱን ምት ሹል ጫፍ) አግኝ፤ ከእያንዳንዱ አር በኋላ ከ100 እስከ 500 ሚሊ ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ የፒፒጂ ትርታ መነሻ አለ ወይ? በጣት ላይ ለሚለካ ፒፒጂ የተለመደው መዘግየት 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። ትርታ ያላቸውን ምቶች ድርሻ በእውነተኛውና በሰው ሠራሹ አወዳድር። ያለ ጊዜው በመጣ የቬንትሪክል ምት ላይ ደግሞ ሦስት ነገር ፈልግ፦ ልብ ለመሙላት ጊዜ ስላላገኘ ትርታው ትንሽ ይሆናል ወይም ይጠፋል፤ ቀጥሎ ረዘም ያለ ዕረፍት ይመጣል፤ ከዕረፍቱ በኋላ ያለው ትርታ ከወትሮው ይበልጣል። አመንጪህ እነዚህን ሦስቱን ካላወጣ ቻናሎቹን አላገናኛቸውም።

እዚህ ላይ ሚሚክን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። ኢሲጂው ከፒፒጂውና ከግፊቱ ጋር በሚሊ ሰከንድ ደረጃ ተመሳስሎ መቀመጡ ዋስትና የለውም። በአንድ ሕመምተኛ መዝገብ ውስጥ የመዘግየቱን ለውጥ መመልከት ይቻላል፤ ፍጹም ዋጋውን ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ ማወዳደር ግን ያሳስታል። መዘግየቱ በድንገት የዘለለበትን መዝገብ ከዝላዩ ላይ ቁረጠው።

ሌሊት_ፈረቃ

የጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይሲዩ) ነርስ ነኝ፤ ስለ ጋኑ የምለው የለኝም። ነገር ግን "የጥራት መለኪያውን ያላለፈ ሁሉ ተጥሏል" የሚለው በጣም ያሳስባል። ሐሰተኛ አላርም የሚጮኸው በዚያ በተጣለው ላይ ነው።

ሞዴሉ ማወቅ ያለበት እነዚህን ነው። ላይኑ ሲታጠብ ግፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወጣና ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ምክንያቱም የሚታየው የግፊት ከረጢቱ ነው። ትራንስዱሰሩ (ግፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይረው) ዜሮ ሲደረግ ቁልፉ ለአየር ይከፈታል፤ መስመሩ ዜሮ ላይ ይተኛል። ደም ሲቀዳ ትርታው ይጠፋል፤ ኢሲጂው ግን እንደነበረ ይቀጥላል። ላይኑ ውስጥ የአየር ዓረፋ ወይም የረጋ ደም ሲኖር ሞገዱ ይደነዝዛል፦ ሲስቶሊኩ ይወርዳል፣ ዳያስቶሊኩ ይወጣል፣ አማካዩ ግን ብዙም አይነቃነቅም። የመስመሩ መንቀጥቀጥ በበቂ ካልረገበ በተቃራኒው ሲስቶሊኩ ከእውነቱ በላይ ይሾላል።

የግፊት መለኪያው ጨርቅ የኦክስጅን መለኪያው ካለበት ክንድ ላይ ከታሰረ በተነፋ ቁጥር ፒፒጂው ይጠፋል፤ ሲለቀቅ ይመለሳል። ጥርስ መቦረሽና የደረት ፊዚዮቴራፒ ኢሲጂው ላይ ቁርጥ ታኪካርዲያ መስለው ይታያሉ። የላላ ኤሌክትሮድ ደግሞ መስመሩን ያዋዥቀዋል፤ ሲላቀቅ ጠፍጣፋ ያደርገውና አሲስቶል (የልብ መቆም) ተብሎ ይጮኻል፤ ፒፒጂው ግን እየመታ ነው።

ሞገድ125 (ጠያቂ)

ሲስተር፣ በጣም አመሰግናለሁ። የተጣሉትን መስኮቶች መልሼ አስገባቸዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ጋኑን ትቶ ወደ ዲፊውዥን (ከነውጥ ተነሥቶ ነውጡን በእርከን እየገፈፈ ሞገድ ወደሚያወጣ ሞዴል) መሄድ ይሻላል? ከሄድኩስ እነዚህን ሁሉ ሁኔታዎች እንዴት ነው የምነግረው?

ደረጃ_በደረጃ

ለዚህ ሥራ ዲፊውዥን ይሻላል እላለሁ። ምክንያቱ ሞገዱ ስለሚያምር አይደለም። ጋን ብርቅ የሆነውን ትቶ የተለመደውን የመደጋገም ጠባይ አለው፤ አንተ ደግሞ የምትፈልገው ብርቁን ነው። ዋጋው የማመንጨት ጊዜ ነው፤ ዳታ ለማብዛት ግን አንድ ጊዜ ስለሚመነጭ ያን ያህል አይጎዳም።

ከሞዴሉ በፊት ግን ማስተካከያውን ቀይር። እያንዳንዱን መስኮት በራሱ አማካይና ልይይት ካስተካከልክ 60 በ40 የሆነ ግፊትና 160 በ90 የሆነ ግፊት አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ሾክ (የደም ዝውውር መውደቅ) ውስጥ ያለው ከጤነኛው አይለይም ማለት ነው። የደም ግፊቱን ለሁሉም በአንድ ቋሚ ቀይር፦ 80 ቀንስና ለ40 አካፍል። ፍላሹ (ላይኑ ሲታጠብ የሚታየው 300) 5.5 ላይ ይወጣል፤ ችግር የለውም፣ ይውጣ። ኢሲጂውን በሚሊ ቮልት እንዳለ ተወው። ፒፒጂው ቋሚ አሃድ የለውም፤ መሣሪያው ራሱ ያጎላዋል፣ ያሳንሰዋል። ስለዚህ በ5 ደቂቃ ሜዲያንና በኳርታይሎች ርቀት አስተካክለው። በመስኮት ካስተካከልከው የጠፋ ትርታ ተጎልቶ ትርታ ይመስላል፤ ሲስተር የጠቀሱት የጨርቁ ጉዳይ በሙሉ ይሰረዛል።

ሞዴሉ አንድ ዳይሜንሽን ያለው ዩኔት (ሲግናሉን አሳጥሮ መልሶ የሚያሳድግ መረብ)፣ 3 ቻናል ገቢ፣ 3 ቻናል ወጪ። 1280 ለ32 ስለሚካፈል አምስት ጊዜ በግማሽ መውረድ ይቻላል፤ መጨረሻው 40 ናሙና ነው፤ አተንሽኑን እዚያና ከላይ ባለው 80 ላይ አድርግ። 10 ሰከንድ ብለህ 1250 ብትወስድ ከመጀመሪያው ግማሽ በኋላ 625 ላይ ትቆማለህ፤ 1280ውን ጠብቀው። 1000 የነውጥ እርከን፣ የኮሳይን መርሐ ግብር፣ አዳምደብሊው (የሥልጠና ስልት) በ0.0001 ወይም 0.0002 የመማር ፍጥነት፣ የክብደቶቹ ተንሸራታች አማካይ 0.9999። ሲያመነጭ ዲዲአይኤም (በጥቂት እርከን የሚያመነጭ ዘዴ) በ50 እርከን በአብዛኛው ይበቃል።

ስለ ሁኔታው፦ ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆነው የሥልጠና ናሙና ሁኔታውን ባዶ አድርገው፤ ያኔ ያለ ተጨማሪ ለይ ሞዴል መምራት ይቻላል። የምሪቱን ኃይል ግን ዝቅ አድርግ፤ 1 ማለት ምንም ተጨማሪ ምሪት የለም፤ ከ2 አትለፍ። ከፍ ሲል ታኪካርዲያው ሁሉ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይሆናል፤ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ለይ ሞዴሉም የተማረውን ዓይነት ብቻ ያውቃል። የልብ ምቱን ቁጥር ከሞኒተሩ አሃዝ አትውሰድ፤ እሱ የተወሰኑ ሰከንዶች አማካይ ስለሆነ ከሞገዱ ይዘገያል። ከመስኮቱ ራሱ ቁጠረው።

ከሁሉ በላይ የምመክረው ግን አንድን ቁጥር ትቶ የምቶቹን ጊዜ ራሱን መስጠት ነው። መጀመሪያ ከአር እስከ አር ያለውን የጊዜ ቅደም ተከተል በትንሽ ሞዴል አመንጭ፤ እያንዳንዱ ምት መደበኛ ነው ወይስ የቬንትሪክል የሚለውንም አብረህ። ይህን እንደ ተጨማሪ ገቢ ቻናል ስጠው፦ አር ባለበት ናሙና ላይ እንደ ምቱ ዓይነት ዋጋ፣ በሌላው ዜሮ። ዩኔቱ ቅርጹን ብቻ ይሥራ። የጊዜውን ቅደም ተከተል ለብቻው መመርመር ስለሚቻል የትንፋሽ መዋዠቁ ከ0.15 እስከ 0.4 ኸርዝ ባለው ክልል መኖሩን፣ በኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የልብ የላይኛው ክፍል ሲንቀጠቀጥ) ደግሞ ቅደም ተከተሉ ሥርዓት የለሽ መሆኑን ከሞገዱ በፊት ታረጋግጣለህ። መለያውም ከሞገዱ ጋር አብሮ ስለሚወለድ ኋላ የምትለጥፈው ነገር የለም።

የዲፊውዥን አንድ ድክመት አለ። ፒ ሞገድ (ከምቱ ሹል በፊት የሚመጣው ትንሽ ጉብታ) አብዛኛውን ጊዜ ከ0.25 ሚሊ ቮልት አይበልጥም፤ ኪውአርኤሱ (አር ያለበት ትልቁ ሹል) 1 ሚሊ ቮልት ሲሆን ፒው ገና በጥቂት ነውጥ ይሸፈናል። ስህተቱ በካሬ ሲለካ ፒን መሳት ርካሽ ነው። የቬንትሪክልን ምት ከሌላው ለመለየት ግን የፒ መኖር አለመኖሩ ይጠቅማል። የመደበኛ ምቶችን አማካይ ቅርጽ በአር ጫፍ አሰልፈህ ፒው ቦታው ላይ መኖሩን ተመልከት።

ስፔክትረም

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ አንድ ልጨምር። አሥራ ሁለት ሊድ ለማመንጨት የምትፈልጉ አሥራ ሁለቱንም አታመንጩ። ሊድ 1፣ ሊድ 2 እና ከቪ1 እስከ ቪ6 ያሉትን ስምንት አመንጩ፤ ቀሪዎቹን አራት በስሌት አውጡ። ሊድ 3 ከሊድ 2 ላይ ሊድ 1 ሲቀነስ ነው፤ ኤቪአር የሁለቱ ድምር ግማሽ በተቃራኒ ምልክት ነው። አሥራ ሁለቱን ብታመነጩ ይህ ሕግ ይፈርሳል፤ ለይ ሞዴል ደግሞ ሰው ሠራሹን በዚህ ብቻ ይለየዋል።

መከፋፈያ

ማረጋገጫው ላይ ተሻሽሎ አዲስ ሕሙማን ላይ ስለወደቀው ማንም አልመለሰም። ዳታው የተከፈለው በመስኮት ነው ወይስ በሕመምተኛ? በመስኮት ከሆነ የአንዱ ሰው ቅርጽ ሥልጠናውም ማረጋገጫውም ውስጥ አለ። ክፍፍሉ በሕመምተኛ መሆን አለበት፤ ከዚያም በላይ አመንጪው ራሱ የፈተናውን ሕሙማን ማየት የለበትም። ብዙ ጊዜ ለይ ሞዴሉ በትክክል ይከፈልና አመንጪው በሙሉ ዳታ ይሠለጥናል፤ ፈተናው በሰው ሠራሹ በኩል ሾልኮ ይገባል።

ከዚያ አራት ሥልጠና አድርግ፦ በእውነተኛ ብቻ፤ በሰው ሠራሽ ብቻ፤ በሁለቱ ድብልቅ፤ አራተኛው በእውነተኛ ላይ ቀላል ማብዣ ተጨምሮ፣ ማለትም ቁመት መቀያየር፣ የመነሻ መስመር መዋዠቅ፣ የአንድ ቻናል መጥፋት። ሁሉንም በእውነተኛ አዲስ ሕሙማን ላይ ፈትን። ድብልቁ አራተኛውን ካልበለጠ ዲፊውዥኑ ለዚህ ሥራ አላስፈለገም። ይህን ንጽጽር መዝለል የተለመደ ነው፤ መዘለል ግን የለበትም።

ለፈተና የ2015ቱ የፊዚዮኔት (ነጻ የሕክምና ሲግናል ማከማቻ) ውድድር ዳታ አለልህ፤ 750 የሥልጠና መዝገብ በ250 ኸርዝ፣ አላርሞቹ እውነተኛና ሐሰተኛ ተብለው የተለዩ። የአላርሞቹን ትርጉምም ከዚያው ውሰድ፦ አሲስቶል ቢያንስ 4 ሰከንድ ያለ ኪውአርኤስ፣ ታኪካርዲያው ከ100 በላይ በሆነ ፍጥነት 5 ወይም ከዚያ በላይ የቬንትሪክል ምት፣ የከፋ ብራዲካርዲያ (ዘገምተኛ የልብ ምት) ከ40 በታች 5 ተከታታይ ምት። ወደ ብራዲካርዲያ ከተሻገርክ ግን 10.24 ሰከንድ አይበቃም። በደቂቃ 25 ሲመታ 5 ምት 12 ሰከንድ ይወስዳል።

የግላዊነቱ ነገርም አለ። ከእያንዳንዱ ሰው ሠራሽ መስኮት እስከ ቅርቡ የሥልጠና መስኮት ያለውን ርቀት ለካ፤ ካልታዩ ሕሙማን መስኮት እስከ ሥልጠናው ያለውንም ለካ። የመጀመሪያው በግልጽ ካነሰ አመንጪው ሸምድዷል። ሲለካ ሁሉንም በአር ጫፍ አሰልፍ፤ አለዚያ የሸመደደው በጥቂት ናሙና ስለተንሸራተተ ብቻ አዲስ ይመስላል።

ማለዳ

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። በዚሁ ዘዴ የደም ግፊቱን ሞገድ ከፒፒጂ ብቻ አመንጭቶ ያለ አርተሪያል ላይን አላርም መስጠት አይቻልም?

አላርም_መርማሪ

ሞገዱን ማመንጨት ይቻላል። አላርም ግን በዚያ ላይ አይንጠልጠል። ፒፒጂ የብርሃን ለውጥ እንጂ ግፊት አይደለም፤ ፍጹም ዋጋው ውስጡ የለም። አመንጪው የሚሞላው በሥልጠናው ካየው የብዙኃን አማካይ ነው። ግፊቱ በተለመደው ክልል ሳለ ግምቱ ጥሩ ይመስላል፤ ሕመምተኛው ሲወድቅ ግን ግምቱ ወደ አማካዩ ይጎተታል። አላርሙ የሚያስፈልገው በዚያች ሰዓት ነው።

የሚለካበት መስፈርት አለ። አይኤስኦ 81060-2 ለክንድ ግፊት መለኪያዎች በ85 ሰዎች ላይ አማካይ ስህተቱ ከ5፣ መደበኛ ልይይቱ ከ8 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ግን ለእንዲህ ያለ ሞዴል ይህ ብቻውን አይበቃም። ሕመምተኛው መጀመሪያ ላይ በተለካ ግፊት ከተስተካከለ በኋላ ያንኑ ቁጥር ዝም ብሎ የሚደግም ሞዴል አብረህ ፈትን። ግፊቱ ብዙ ካልተለዋወጠ እሱም መስፈርቱን ሊያልፍ ይችላል። ሞዴልህ ከዚያ የሚበልጠው ግፊቱ ከ20 በላይ በተለወጠባቸው ጊዜያት መሆኑን ለይተህ አሳይ።

ኦክስጅንም እንደዚሁ ነው። ሙሌቱ የሚሰላው 660 እና 940 ናኖ ሜትር ላይ ካሉ የሁለት ብርሃኖች ምጥጥን ነው። ከአንድ የፒፒጂ መስመር ሙሌት አመነጫለሁ የሚል ሞዴል ከሌላ ነገር እየገመተ ነው።

ባዮሜድ_ጠጋኝ

ሞኒተር ለመፈተን ለሚፈልግ ሰው የምለው ከላይ ካለው ይለያል። መሣሪያው የልብ ምቱን በትክክል ይቆጥራል ወይ፣ አላርሙ በስንት ሰከንድ ይጮኻል ለሚለው ዲፕ ለርኒንግ አይመረጥም። እዚያ የሚያስፈልገው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ሞገድ ነው። በ2003 የወጣው በሦስት የተያያዙ ዲፈረንሻል ቀመሮች ኢሲጂ የሚሠራው ኢሲጂሲን ለዚህ ይበቃል፤ የእያንዳንዱን ሞገድ ቦታ፣ ቁመትና ስፋት አንተ ትሰጠዋለህ። ያንኑ ቁጥር ስትሰጠው ያንኑ ሞገድ ይመልሳል።

ደረጃ_በደረጃ

በዚህ በከፊል አልስማማም። ቀመሩ ንጹሕ ሞገድ ላይ ጥሩ ነው፤ ሞኒተር የሚሳሳተው ግን ሲስተር በዘረዘሩት ላይ ነው፤ ለጥርስ መቦረሽ ቀመር የለንም። ሁለቱን ማጋባት ይቻላል፦ ምቱ ከቀመር ይምጣ፣ እንቅስቃሴውና ብልሽቱ ከዲፊውዥን ተመንጭቶ ይደመርበት። ያኔ ትክክለኛው መልስ ይታወቃል፤ ብልሽቱም እውነተኛ ይመስላል። ይህ የሚሠራው በላዩ ለሚደረብ ነውጥ ነው። የላላ ኤሌክትሮድና የደነዘዘ ላይን ሲግናሉን ራሱን ስለሚቀይሩ በመደመር አይሠሩም።

ሞገድ125 (ጠያቂ)

ክፍፍሉ በመስኮት ነበር፤ አሁን በሕመምተኛ ይሆናል፤ አመንጪውም አብሮ ይከፈላል። ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ መሣሪያ) ያላቸውን ሕሙማን ለብቻ ምድብ አድርጌ ላመንጭ?

ስፔክትረም

በ125 ኸርዝ አታመንጭ። በናሙናና ናሙና መካከል 8 ሚሊ ሰከንድ አለ፤ የፔስሜከሩ ምት ከ2 ሚሊ ሰከንድ አይበልጥም። ስለዚህ አንዳንዱ ይመዘገባል፣ አንዳንዱ በናሙናዎቹ መካከል ይወድቃል፤ የተመዘገበውም ቁመቱ በዕድል ነው። አመንጪው ይህን ሲማር ፔስሜከሩ አንዳንዴ የሚዘል አድርጎ ያወጣዋል፤ ለሞኒተር ይህ የፔስሜከሩ ብልሽት ምልክት ነው። ሞኒተሮቹ ራሳቸው የፔስሜከሩን ሹል በጣም ፈጣን በሆነ ለብቻው በሚሠራ ወረዳ ይይዙና በመስመሩ ላይ ምልክት ያደርጉበታል። ያንን ምልክት የያዘ ዳታ ካለህ እንደ አር ጫፎቹ በተጨማሪ ቻናል ስጠው፤ ከሌለህ ፔስሜከር ያላቸውን ከአመንጪው ሥልጠና አውጣቸው፣ በፈተናው ውስጥ ግን ለብቻ ቡድን አድርገህ አስቀራቸው።